ጉንዳን አይዘልም

ባለፈው ዓመት ለኢድ ጀልዴሳ ነበርኩ፣ አባቴ እህት ጋ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው እኛ ጋ ለአክስት አንቱ አይባልም፤ አንቱ ካልኳት የተኮራረፍን ይመስላታል። ኤዶ ነው የምላት፤ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው። ቤቷ ፊት ለፊት አንድ አሮጌ ግራር አለ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ሥር ነው የሚውለው። ሻሂ የሚጠጣው እዚያ፣ ሒሳብ የሚተሳሰበው እዚያ፣ የሚተኛውም እዚያ።

እኔ ለልጅ ልጇ ስልኬ ላይ ስለ ሸረሪቶች የተሠራ ዶክመንተሪ እያሳየሁት ነበር። የእነዚህን ፊልሞች ድምፅ ታውቁታላችሁ። ተራኪው ረጋ ብሎ፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ "አታላይ" ይላል፣ "ገዳይ" ይላል፣ ከኋላ ከበሮ ይመታል፣ ከዚያ ሸረሪቷ ትዘላለች። ልጁ በጣም ወዶታል። እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጄዋለሁ።

በመሃል ግራሩ ግንድ ላይ አንድ ጥቁር ጉንዳን ሲወጣ አየሁና በጣቴ ላራግፈው ስል ኤዶ እጄን ያዘችኝ።

"ጉንዳን አይደለም አቦ።"

"ምንድነው ታዲያ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ጉንዳን ግን አይዘልም።"

የያዘችውን ጭራሮ አስጠጋችለት። "ጉንዳኑ" ዞር ብሎ ጭራሮውን አየ፣ ከዚያ ዘሎ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ቀረ። ሸረሪት ነበር። ስልኬ ላይ ያለው ተራኪ ግን ሌላ አህጉር ጫካ ውስጥ ሆኖ ከበሮውን ማስመታቱን ቀጥሏል።

ያን ቀን ሌላም ነገር ሆኗል። ኤዶ ስልኳን አውጥታ "ይሄን ብሬን የሚበላውን ነገር አጥፋልኝ" አለችኝ። እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ከተራኪው ጋር ልከራከር፤ ምክንያቱም ስለ አስመሳይ ፍጡራን የምንናገርበት አነጋገር ስለ ሸረሪት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስለ ሰውም የሆነ ነገር ያስተምረናል፣ የሚያስተምረን ደግሞ ስህተት ነው።

* * *

ነገሩ ምን እንደሆነ እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ1862 ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የሚባል እንግሊዛዊ በአማዞን ስላያቸው ቢራቢሮዎች አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ለመበላት የሚጥም ቢራቢሮ የማይጥመውን ከመሰለ፣ መራራውን ቀምሶ የተቀጣ ወፍ ጣፋጩንም ይተወዋል። ዛሬም በስሙ "የቤትስ ማስመሰል" ይባላል።

ለሸረሪት ከሁሉ የሚሻለው የሚመሰል ነገር ጉንዳን ነው። ጉንዳን ይነክሳል፣ አሲድ ይረጫል፣ ብቻውንም አይመጣም። ብዙ አዳኝ ከአንድ ጉንዳን ጋር መጣላት ከመንጋው ጋር መጣላት መሆኑን ስለሚያውቅ ዞር ይላል። ስለዚህ ዘላይ ሸረሪቶች በሚባለው፣ ከ6000 በላይ ዝርያ ባለው ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ፣ ሚርማራክኔ የተባለው ወገን ጉንዳን መስሎ ይኖራል። በአፍሪካ በሰፊው ይገኛል። ሥራው ቀላል አይደለም። ጉንዳን ስድስት እግር፣ ሦስት ቦታ የተከፈለ ገላና ሁለት አንቴና አለው። ሸረሪት ስምንት እግር አለው፣ ገላው ለሁለት ነው የተከፈለው፣ አንቴና ጭራሽ የለውም። ሚርማራክኔ ገላው መሃል ላይ ጠበብ ብሎ ሦስት ክፍል ያለው ይመስላል፤ አንቴናውን ደግሞ ከፊት እግሮቹ ይሠራል።

ለረጅም ጊዜ ይህ ሸረሪት በስድስት እግር እየሄደ ሁለቱን የፊት እግሮች ሁልጊዜ እንደ አንቴና አንሥቶ ይይዛል ተብሎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ፖል ሻምብልና ባልደረቦቹ በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ሲያዩት ነገሩ ሌላ ሆነ። ሸረሪቱ የሚሄደው በስምንቱም እግሮቹ ነው። በየመሃሉ ግን የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ቆም ይልና የፊት እግሮቹን አንሥቶ ያርገበግባል። አካሄዱም ቀጥ ያለ አይደለም፤ የጓደኞቹን ሽታ ተከትሎ እንደሚሄድ ጉንዳን ይጠማዘዛል። ቆሞ የሚያርገበግብባት ቅጽበት በጣም አጭር ስለሆነች የሚያየው ዓይን መቆሙን አይለይም። የሚሄድና አንቴናውን የሚያወዛውዝ ጉንዳን ብቻ ነው የሚታየው።

እኔ በሙያዬ ሶፍትዌር ጸሐፊ ነኝ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ስክሪን ነው። ስክሪን ላይ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። የቆሙ ምስሎች ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ፣ እንቅስቃሴውን የሚጨርሰው የተመልካቹ ዓይን ነው። ሚርማራክኔም እንደዚያው ነው፤ ግማሹን ሸረሪቱ ይሠራል፣ ግማሹን የሚያየው።

* * *

ከዚህ ተነሥቼ የመጀመሪያውን ሒሴን ላቅርብ።

ተራኪው "ሸረሪቷ ታታልላለች" ሲል ከኋላ አንድ ሐሳብ ያለው ሰው ያስቀምጣል፦ ዕቅድ ያወጣ፣ መልኩን የመረጠ፣ የሚስቅ። ግራሩ ላይ ያየሁት ሸረሪት ግን ጉንዳን መምሰሉን አያውቅም። መስታወት አይቶ አያውቅም። መልኩን የሠራው ማን ነው ካልን፣ ሊበላው የሚፈልገው ነው። በየትውልዱ ጉንዳን በደንብ ያልመሰለው እየተለየ ተበላ፣ የመሰለው ቀረ። እያንዳንዷ የገላ መጥበብ፣ እያንዳንዷ የእግር ማንሣት በጠላት ዓይን ታርማ ያለፈች ናት። በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ብናገረው፣ ይህን ጽሑፍ የጻፈው አንባቢው ነው።

ይህ ከገባን ሌላም ነገር ይገባናል፦ መምሰል ሁልጊዜ ለአንድ የተወሰነ ዓይን መምሰል ነው። ሸርጣን ሸረሪቶች የሚባሉት አበባ ላይ የሚያደቡ አሉ፤ አንዳንዶቹ ቀለማቸውን ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ነጭ ይቀይራሉ። ለእኛ ዓይን አበባው ውስጥ ጠፍተው ነው የምናያቸው፣ ተራኪውም "ተደብቃለች" ይለናል። ንብ ግን እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ታያለች። እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራሊያ ሸርጣን ሸረሪት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሸረሪቷ በዚያ ብርሃን ከአበባው ጎልታ ትታያለች፣ ንቧንም የሚስባት ይሄው ጉልህነት ነው። እኛ "መደበቂያ" ያልነው ለንቧ ማስታወቂያ ኖሯል።

በአሜሪካ ያለችው ቦላስ ሸረሪት ደግሞ በዓይን ጭራሽ አትጫወትም። የሴት የእሳት ራትን ሽታ ትለቃለች። ወንዱ ሚስት አገኘሁ ብሎ ሲመጣ በክር ጫፍ ያንጠለጠለችውን ሙጫ ትወረውርበታለች። አንደኛዋ ዝርያ እንደውም የሁለት ዓይነት የእሳት ራቶችን ሽታ ትይዛለች፤ አንዱ በምሽት መጀመሪያ ይመጣል፣ ሌላው ሲመሽ። እርስዋም በሰዓቱ ሽታዋን ታስተካክላለች። አጠገቧ ቁጭ ብለን ብናድር እኛ አንዲት ወፍራም ሸረሪት ብቻ ነው የምናየው። ለእኛ ምንም አትመስልም፤ የተጻፈችው ለእኛ አይደለማ።

ስለዚህ ዶክመንተሪዎቹ ላይ ያለኝ ቅሬታ ስለ ከበሮው አይደለም። ካሜራውን ሁልጊዜ የሚያስቀምጡት እኛ ዓይን ላይ ነው። ሸረሪቷን በእኛ ዓይን ያዩና በእኛ ኃጢአት ይከሷታል።

የድሮዎቹ መጻሕፍትም ከዚህ አያመልጡም። ስለ አገራችን ሸረሪቶች ከተጻፉት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ጣልያናዊው ፒዬትሮ ፓቬሲ እ.ኤ.አ. በ1883 በጄኖቫ ሙዚየም መጽሔት ላይ ያሳተመው ስለ ሸዋ መንግሥት ሸረሪቶች የሚናገረው ጥናት ነው። ኦራዚዮ አንቲኖሪ የመራው የጣልያን ጉዞ ከዘይላ ተነሥቶ ሸዋ ገብቶ ከሰበሰባቸው ናሙናዎች የተሠራ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፣ ዛሬም ይጠቀሳል። ነገር ግን ሸረሪቶቹ የተጠኑት ጣልያን ውስጥ ነው፣ ሞተው። አልኮል ውስጥ የተቀመጠ ጉንዳን መሳይ ሸረሪት ቀጭን ሸረሪት ብቻ ነው። አይጠማዘዝም፣ ቆም ብሎ እግሩን አያነሣም፣ የሚፈራው ዓይንም አጠገቡ የለም። መምሰል ግሥ ነው፣ እዚያ ብልቃጥ ውስጥ የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

* * *

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ከተራኪው ይሻላል፣ ግን እሱም ያደናግራል። መሰለ ከሚለው አንድ ሥር ምሳሌም፣ ምስልም፣ አምሳያም፣ አስመሳይም ወጥተዋል። ሊቁ የሚያስተምርበት ነገርና ሌባው የሚያጭበረብርበት ነገር ወንድማማቾች ናቸው። ሰው በፈጣሪው አምሳል ተፈጠረ ስንል ክብር ነው፤ አስመሳይ ስንል ስድብ ነው።

ስለ ሸረሪቱ መጻፍ ስጀምር የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ "ሚርማራክኔ ሰምና ወርቅ ነው" ብዬ ነበር። ላዩ ጉንዳን፣ ውስጡ ሸረሪት፣ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰረዝኩት። ቅኔ ውስጥ ሰሙ የሚቀመጠው እንዲቀልጥ ነው። ባለቅኔው ህብረ ቃሏን አውቆ ይተዋታል፤ ሰሚው ሲደርስባት ሁለቱም ይደሰታሉ። ሰሚው ካልደረሰባት ቅኔው ከሽፏል። ሸረሪቱ ላይ ተቃራኒው ነው፦ ሰሙ ከቀለጠ ይሞታል። ሁለቱም ሁለት ገጽ ስላላቸው ብቻ አንድ ናቸው ማለት ቁልፍ ያለው በርና ግድግዳ ላይ የተሳለ በር አንድ ናቸው እንደ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ጠቃሚ ስለሆነ ያዙልኝ። አንድ የሚመስል ነገር ሲቀርብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ "ሁለት ገጽ አለው ወይ?" ብላችሁ አይደለም። "ያቀረበው ሰው እንድደርስበት ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም?" ብላችሁ ነው።

* * *

ጀልዴሳ በዚህ ጉዳይ የራሷ ታሪክ አላት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው የቅፍለት መንገድ በእርስዋ በኩል ነበር። የቆላው ግመል ጭነቱን ያራግፋል፣ የደጋው አህያና በቅሎ ይረከባል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነጋዴ ሆኖ በዚህ መንገድ ተመላልሷል። የጣልያኑ የካውንት ፖሮ ቡድን በ1886 ተገድሎ ያለቀው እዚሁ አካባቢ ነው። እንግዳ ሰው ምን መስሎ እንደሚመጣ አጥብቆ ማየት እዚህ የኑሮ ጉዳይ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ሪቻርድ በርተን መጣ። የሄደው በጀልዴሳ ሳይሆን ከእርስዋ ራቅ ባለ መንገድ ነው፤ መድረሻው ግን ያው ሐረር ነበር። የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር መኮንን ሳለ በ1854 መጨረሻ ሙስሊም ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነሣ፣ ጥር 3 ቀን 1855 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሐረር ገባ፣ አሥር ቀን ያህል ቆየ። በ1856 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የማስመሰል ጉዞ ተብሎ ዝነኛ ነው። አንባቢዎቹ ሲያደንቁት የኖሩት ከዶክመንተሪው ተራኪ ጋር በሚመሳሰል ቃል ነው፦ የማስመሰል ጌታ።

መጽሐፉን ሸረሪቶቹን ካወቅሁ በኋላ ደግሜ ሳነበው ያየሁት ግን ሌላ ነው። ማስመሰሉ አልሠራም። በመንገድ ያገኙት ሰዎች ነጣ ያለ መልኩን አይተው አረብ ነጋዴ ሳይሆን ቱርክ ነው አሉት። በዚያ ዘመን በዚያ አካባቢ ቱርክ ከፈረንጅ የባሰ የሚጠላ ነበር። በርተን ሐረር በር ላይ ሲደርስ አስልቶ አየውና እንግሊዛዊ ሆኜ ብገባ ይሻለኛል አለ። ከኤደን የእንግሊዝ ሹም የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ራሱ ጽፎ ያዘ።

ሸረሪቶቹ ላይ ለዚህ ስም አለው። የሚርማራክኔ ወንዶች ከፊት የተንጠለጠለ ረጅም መንጋጋ አላቸው፤ በዚህ የተነሣ የሚመስሉት ባዶ እጁን የሚሄድ ጉንዳን ሳይሆን በአፉ ዕቃ የተሸከመ ጉንዳን ነው። ዕቃ የተሸከመ ጉንዳን ደግሞ መንከስ አይችልም፣ ጉንዳን የሚያድኑ አዳኞችም የሚመርጡት እሱን ነው። ዚሜና ኔልሰንና ሮበርት ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ይህን አዳኝን በአዳኝ መለዋወጥ ብለው ገልጸውታል። ጉንዳን ከሚፈራ ታመልጣለህ፣ ጉንዳን የሚበላ እጅ ላይ ትወድቃለህ። በርተንም ፈረንጅን ከሚጠላ ሸሽቶ ቱርክን የሚጠላ እጅ ላይ ወደቀ።

መጽሐፉ ላይ ያለኝ ሒስ ይህ ነው፦ በርተን የመንገዱን ሰዎች የሚያያቸው ሊታለሉ እንደተቀመጡ ዓይኖች ነው። ግን አልተታለሉም። የሚጠብቁትን ያህል ጠበቁ፣ የሚያዩትን ያህል አዩ፣ ይህ ሰው የሚለውን አይደለም አሉ፣ ልክም ነበሩ። ሰላይ ነው ብሎ የጠረጠረው ሰው ሁሉ ከለንደን አንባቢ የተሻለ አንባቢ ነበር። መጽሐፉ ጥሩ የሚሆነው ልብሱ በከዳው ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ሳያስበው ለተመለከቱት ሰዎች ክብር ይሰጣል።

* * *

ስለ ሸረሪት ከተነሣ ያቺን ተረት ሳንነካ አናልፍም፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፋ ያደግንባት ናት። ኅብረትን ታወድሳለች፣ አንበሳው ምን አድርጎ እንደሚታሰር ግን አትነግረንም።

ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ኬንያ ውስጥ፣ ሚርማራክኔ ሜላኖታርሳ የምትባል ትንሽ ሸረሪት አለች። አብዛኞቹ ዘላይ ሸረሪቶች ብቻቸውን ይኖራሉ፤ እርስዋ ግን በመንጋ ነው የምትኖረው። ጎጆዎቻቸው በድር የተያያዙ ናቸው። ድሩ በትክክል ያበረው እዚህ ነው። የምትመስለው ክሬማቶጋስተር የሚባለውን ጉንዳን ነው፤ በቡድን መኖራቸው ማስመሰሉን ያጠናክረዋል፤ አንድ ጉንዳን ከሚያስፈራ መንጋው የበለጠ ያስፈራላ። እስከዚህ ድረስ ተረቷ አሸነፈች፤ ደካሞች ተባበሩ፣ ኃይለኛው ሸሸ።

ኔልሰንና ጃክሰን በ2009 ያሳዩት ቀጣዩ ክፍል ግን ግድግዳ ላይ አይጻፍም። እነዚህ ሸረሪቶች የሌሎች ዘላይ ሸረሪቶችን እንቁላልና ጫጩት ይበላሉ። እናቲቱ ጎጆዋን ትጠብቃለች። ጉንዳን የሚመስል ነገር ስታይ፣ ጉንዳንን ትፈራለችና፣ ጥላ ትሸሻለች። አስመሳዮቹ ገብተው ልጆቿን ይበላሉ። ያው ልብስ፣ ጠዋት ራስን ለማዳን የተለበሰው፣ ከሰዓት ለማደን ይለበሳል። መቀየር አያስፈልገውም።

በአንድ ገላ ላይ የተበዳይ መሸሸጊያና የበዳይ መሣሪያ አንድ ሲሆን ሳይ ተረቷን እንደ ድሮው ማለት አቃተኝ። ያበረ ድር ጥሩ ነው ወይ መጥፎ ነው አይባልም። ማንን ነው የሚያስረው ተብሎ ነው የሚጠየቀው።

* * *

አሁን ወደ ኤዶ ስልክ ልመለስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ስሙን የማልጠራው ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። በአጭር ቁጥር መልእክት የሚልክ አገልግሎት ነበረን፤ በቀን 2 ብር ይቆረጣል። የመመዝገቢያውን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያ ሁለት እኩል በተኖች ነበሩት፣ "ተመዝገብ" እና "አልፈልግም"። ከዚያ ኤ/ቢ ቴስት አደረግን፤ ለግማሹ ሰው አንዱን ገጽ፣ ለግማሹ ሌላውን አሳይቶ የተሻለ ያመጣውን መያዝ ማለት ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ትልቅ አረንጓዴ "ቀጥል" ነበረ፤ "አልፈልግም" የሚለው ደግሞ ግራጫ፣ ደቃቅ፣ ጽሑፍ እንጂ በተን የማይመስል። 2 ብር የምትለዋ ከታች ነበረች። ሁለተኛው አሸነፈ። ቢሮ ውስጥ አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ፖርሺያ የምትባል ዘላይ ሸረሪት አለች፤ በአፍሪካም፣ በእስያም፣ በአውስትራሊያም ትገኛለች። ምግቧ በአብዛኛው ሌሎች ሸረሪቶች ናቸው። ድሩ ጫፍ ላይ ትቀመጥና ክሩን እንደ ክራር ትመታዋለች፣ የተያዘ ነፍሳት የሚንቀጠቀጥ እንዲመስል። ሮበርት ጃክሰንና ስቲም ዊልኮክስ ለዓመታት ያጠኗት ይህችን ነው። የሚገርመው አንድ ምት ይዛ አትመጣም። አንዱን ትሞክራለች፣ ሌላውን ትሞክራለች፣ ባለድሩ ወደ እርስዋ ሲጠጋ ያጠጋውን ምት ደጋግማ ትመታለች። ንፋስ ድሩን ሲያናውጥ ደግሞ የራሷ እርምጃ እንዳይታወቅ በዚያ መሃል ትራመዳለች።

ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ እንጂ ምንም አላልኩም። የእኛ ቴስት ነው። ምት ሀ፣ ምት ለ፣ የመጣ የቱ ላይ ነው፣ እሱን ድገመው።

ተራኪውን የምቃወመው ለዚህ ነው። "አታላይነት የተፈጥሮ ጥበብ ነው" የሚለው አነጋገር ሸረሪቷን ሰው ያደርጋታል፣ ከዚያ ሰውየውን ሸረሪት አድርጎ በነጻ ይለቀዋል። በእኛ ሙያ ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፦ ገበያው ጫካ ነው፣ ሁሉም ያድናል። ነገር ግን ፖርሺያ ክሩን የምትመታው በልታ ለመኖር ነው፣ ባለድሩም አክስቷ አይደለም። እኔ ግን "አልፈልግም" የሚለውን ቃል ግራጫ ሳደርገው ማን እንዳያየው እንደፈለግሁ አውቅ ነበር። ዓይኑ የደከመ ሰው፣ ለማንበብ የቸኮለ ሰው፣ ስልኩን ልጅ የከፈተለት ሰው። ሰሙን ያስቀመጥኩት እንዳይቀልጥ ነው።

የኤዶን ስልክ ስከፍት አጭር ቁጥሩን አወቅሁት። ሰባት ወር ቆርጧታል፣ ከ400 ብር በላይ።

"ኤዶ፣ ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

"ምኑን?"

"ብሩን የሚቆርጠውን።"

ትንሽ ዝም አለች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። "ጉንዳን መስሎኝ ነው የነካሁት ማለት ነው" አለችና ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ ሳቋን አቆመችና "ታዲያ አጥፋው" አለችኝ። ማጥፊያውን ቃል ላክሁ፣ ምዝገባዎ ተሰርዟል የሚል መልስ መጣ። መልሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብሩን ልስጥሽ ስላት እጄን መለሰችው።

"ለእኔ አይደለም። ለእነሱም አጥፋላቸው።"

ግራሩ ሥር የተቀመጡት ስልካቸውን ማውጣት ጀመሩ። ጎረቤቷ፣ የጎረቤቷ ባል፣ ፍየል ይዞ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ። እስኪመሽ ዘጠኝ ስልክ አየሁ፤ ስድስቱ ላይ አገኘሁት። የሽማግሌው ስልክ ላይ ሦስት ቁጥሮች ነበሩ፣ ሁለቱን እኔ አላውቃቸውም፤ ሌላ ሰው የጻፋቸው ናቸው። እያንዳንዱን ሳጠፋ የቱ ጋ እንደተነካ አሳየኋቸው፦ ትልቁን አረንጓዴ አትንኩ፣ ከሥሩ ያለችውን ደቃቋን ፈልጉ፣ ብር የሚል ቃል ካለ አቁሙ። የኤዶ የልጅ ልጅ ቶሎ ገባውና ከእኔ ቀድሞ ማሳየት ጀመረ።

ሸረሪቱ በዚያ መሃል ክሩን ይዞ ወደ ግንዱ ተመልሷል። ቆም ይላል፣ የፊት እግሮቹን ያነሣል፣ ይጠማዘዛል። ማንም አልነካውም። ከጉንዳን መለየት ለኤዶ ቀላል ነው፤ ግራሩ ሥር ዕድሜዋን ሙሉ ተቀምጣለች። የስልኩን በተን ለመለየት ግን ማንም ጊዜ አልሰጣትም ነበር፣ እኔም የተከፈለኝ ያንን ጊዜ እንዳታገኝ ነው።